200 ሚሊዋት በባሮ ዳር

ተራ የ4ጂ ስልክ ወደ ታወር ሲናገር የሚያወጣው ትልቁ ጉልበት 200 ሚሊዋት ነው፤ የአንድ ዋት አምስተኛ። ታወሩ ላይ የተሰቀለው ሬዲዮ የሚመልስለት 20፣ አንዳንዴም 40 ዋት ይዞ ነው። ጋምቤላ ከተማ መሃል ይህን መበላለጥ ልብ የሚለው የለም። ገበያ ውስጥ የቆመ፣ ባጃጅ ላይ የተሳፈረ፣ የባሮ ወንዝን ድልድይ እየተሻገረ የሚደውል ሰው ታወሩ ቅርቡ ስለሆነ ስልኩ ከ200 ሚሊዋቱ የሚያወጣው ጥቂቷን ብቻ ነው። ከከተማው ወጥቶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኢታንግ አቅጣጫ ለሚጓዝ ሰው ግን ነገሩ እየተለወጠ ይሄዳል። ስክሪኑ ላይ አንድ ሁለት መስመር ኔትወርክ ይታያል፤ የሌሎች መልእክት ይገባለታል፤ እሱ የላከው ግን እየዞረ ይቀራል። እሱ ይሰማል፤ እሱን የሚሰማው የለም።

አገሩ ጠፍጣፋ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ በስተምሥራቅ የኢሉባቦር ደጋ እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ በስተምዕራብ ግን ሜዳው እስከ ደቡብ ሱዳን ድረስ ሳይነሣ ሳይወድቅ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1902 በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተፈረመው ውል መሠረት ለተከፈተው የንግድ ጣቢያ፣ ክረምት ክረምት ከካርቱም የሚነሣ የእንፋሎት መርከብ እዚህ ድረስ ሊመጣ የቻለው ወንዙ በዚህ ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ነው። ለመርከብ የተመቸው ጠፍጣፋነት ለሬዲዮ ግን ግማሽ ወዳጅ ብቻ ነው። ተራራ ባይጋርደውም የመሬት ክብነት ይጋርደዋል፤ 40 ሜትር ከፍታ ካለው ታወር በሰው እጅ ቁመት ወደ ተያዘ ስልክ የሬዲዮው አድማስ 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያልቃል። ከዚያ በፊትም ሣሩ፣ ዛፉ፣ እርጥቡ ቅጠል ከሞገዱ ላይ እየቀነሱ ነው።

እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ድምፁ ለማይደርስለት ስልክ ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው ጉልበት መጨመር ነው፤ እሱን ባትሪውም፣ ጆሮ ሥር የሚያዝ ዕቃ መሆኑም፣ የ4ጂ የቴክኒክ ደረጃው ያስቀመጠው ጣሪያም አይፈቅዱትም። ሁለተኛው ያንኑ ጉልበት የሚያርፍበትን ስፋት ማጥበብ ነው። አንድ ጭልፋ ወጥ ሰፊ እንጀራ ላይ በሙሉ ቢቀባ ቀመስኩት የሚል አይገኝም፤ አንድ ጥግ ላይ ሲፈስ ግን ጣዕሙ ይታወቃል። ሐሳቡ ይኸው ነው። እኔን የማረከኝ ግን ሐሳቡ ሳይሆን አሠራሩ ነው፤ ሥራው የት የት እንደተሰፋ፣ ስፌቱ እንዴት እንደማይታይ።

ቁጥሩን እንይ። 20 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው የ4ጂ ቻናል ለሥራ በ100 ቁራሽ ይከፈላል፤ መሐንዲሶች ሪሶርስ ብሎክ ይሉታል፤ እያንዳንዱ 180 ኪሎኸርዝ ነው። ስልኩ መቶውንም ቁራሽ ይዞ ሲልክ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 2 ሚሊዋት ነው። ታወሩ ግን 20 ዋቱን በመቶው ላይ ሲያካፍል ለእያንዳንዱ ቁራሽ 200 ሚሊዋት ይሰጣል። አሁን ስልኩ ዘጠና ዘጠኙን ለቆ በአንዲት ቁራሽ ብቻ እንዲናገር ይታዘዝ። 200 ሚሊዋቱ በሙሉ እዚያች ላይ ያርፋል። ልብ በሉ፦ በዚያች 180 ኪሎኸርዝ ውስጥ በእጅ የተያዘው ስልክና ብረት ላይ የተሰቀለው ባለ 20 ዋት ሬዲዮ እኩል ይጮኻሉ። የመቶ እጥፉ መበላለጥ ባዶ ሆነ፤ ስልኩ አንዲት ሚሊዋት አልጨመረም። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ አስቀምጦ ላየው ሰው ቁጥሮቹ ሆን ተብለው የተገጣጠሙ ይመስሉታል። ሆን ተብለው አልተገጣጠሙም፤ ነገር ግን ሥርዓቱን የሠሩት ሰዎች ይህ በር እንዲኖር ብለው ቻናሉን በጥቃቅኑ መቆራረጣቸው የታሰበበት ነው።

በሌላኛው ጫፍ፣ በሰሚው በኩል፣ ያው ነገር በሌላ ስሙ ይታያል። ማንኛውም ሰሚ መሣሪያ ከሚሰማው ድምፅ ጋር ኖይዝም ይሰማል። የዚህ ኖይዝ ዋና ምንጭ ሙቀት ነው፤ በሽቦና በትራንዚስተር ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች ዝም ብለው አይቀመጡም። ይህን እ.ኤ.አ. በ1928 በቤል ላቦራቶሪ ጆን ጆንሰን ለክቶ፣ ሃሪ ናይኲስት በቀመር አስረድቶ አሳተሙት፤ ሁለቱም ከስዊድን የመጡ ነበሩ። ቀመሩ አጭር ነው፦ የኖይዙ መጠን በሙቀቱና በስፋቱ ልክ ነው። ለእያንዳንዷ ኸርዝ −174 ዲቢኤም (ከአንድ ሚሊዋት አንጻር በዲሲቤል የሚቆጠር ጉልበት) ብለን ብንጀምር፣ መቶው ቁራሽ በያዘው 18 ሜጋኸርዝ ውስጥ ኖይዙ −101 ገደማ ይሆናል፤ በአንዷ ቁራሽ ውስጥ ግን −121። ሰሚው መስኮቱን ሲያጠብ የሚገባው ጫጫታ በመቶ እጥፍ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አንድ ስሕተት ይሠራል፤ በላኪው በኩል 20 ዲሲቤል (ያው መቶ እጥፍ)፣ በሰሚው በኩል ደግሞ ሌላ 20 ዲሲቤል አተረፍኩ ብሎ ይደምራል። ትርፉ አንድ ነው፤ ከሁለት ወገን ስለታየ ሁለት አይሆንም።

ስለ ሙቀት ከተነሣ፣ ጋምቤላን የሚያውቅ ሰው መጠየቁ አይቀርም፤ የካቲትና መጋቢት ላይ ቴርሞሜትሩ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ኖይዙም አብሮ አይጨምርም ወይ? ይጨምራል፤ ግን ከ0.3 ዲሲቤል እምብዛም አያልፍም፤ ማንም ጆሮ የማይለየው። ምክንያቱ ቀመሩ የሚቆጥረው ከፍጹም ዜሮ ጀምሮ ስለሆነ ነው፤ በዚያ ልኬት 17 ዲግሪ 290 ነው፣ 40 ዲግሪ ደግሞ 313። ሙቀቱ የሚበድለው ሌላ ቦታ ነው፤ ማጉያውንና ባትሪውን።

ወደ ማጉያው፣ የስልኩን ሞገድ ከመላኩ በፊት ወደሚያጎላው ክፍል፣ እንግባ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ስስ ሥራ ያለበት እሱ ጋ ነው።

የ4ጂ ሞገድ የብዙ ትናንሽ ሞገዶች ድምር ነው። አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርሳቸው እየተቻቻሉ መካከለኛ ቁመት ይይዛሉ፤ አልፎ አልፎ ግን ሁሉም በአንድ ቅጽበት ከፍ ይሉና ድምሩ ከአማካዩ አሥር እጥፍ ይነሣል። ማጉያው ደግሞ ጣሪያ አለው። ሞገዱ ጣሪያውን ሲመታ አናቱ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ደግሞ ወደ ጎረቤት ቻናል እየተረጨ የሌላውን ሰው ንግግር ያበላሻል። ደረጃው ስልኩ ወደ ጎረቤት ቻናል የሚያፈሰው ከራሱ ጉልበት አንድ ሺሕኛ እንዳያልፍ ያዛል። ስለዚህ ማጉያው ከሚችለው በታች ሆኖ እንዲሠራ ይገደዳል፤ ለእነዚያ አልፎ አልፎ ለሚመጡ ከፍታዎች ሲባል ሁልጊዜ አጎንብሶ ይኖራል። የጎነበሰ ማጉያ ደግሞ ሰነፍ ነው፤ ከባትሪው የወሰደውን ብዙውን ክፍል ወደ ሙቀት ይለውጠዋል።

ደረጃውን የጻፉት ሰዎች ይህን ችግር በሁለት እርምጃ ነው የፈቱት፤ ሁለቱም የእጅ ሥራ ሽታ አላቸው። የመጀመሪያው፣ ታወሩ የሚልክበትን መንገድ ስልኩ እንዲልክበት አለማድረጋቸው ነው። ታወሩ ንዑስ ሞገዶቹን እንዳሉ ደምሮ ይልካል፤ ኤሌክትሪክ አለው፣ ማቀዝቀዣ አለው፣ ማጉያው ትልቅ ነው። ስልኩ ግን መረጃውን ከመላኩ በፊት አንድ ተጨማሪ የሒሳብ ማጣሪያ ያሳልፈዋል፤ ከዚያ የሚወጣው ሞገድ ከፍታውና ዝቅታው የተመጠነ ይሆናል፤ ከፍታው በ2 ወይም በ3 ዲሲቤል ይወርዳል። ያለችውን ጥቂት ጉልበት ሳያባክን ለሚያወጣው ለደካማው ወገን ብቻ የተሠራ ልዩ ልብስ ነው። 3ጂፒፒ የተባለው የደረጃ አውጪዎች ማኅበር ይህን እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ባጠናቀቀው ስምንተኛ እትሙ ላይ አስቀመጠው።

ሁለተኛው ከእኛ ርእስ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ነው። ማጉያው ሞገዱን ሲያዛባ የሚፈጠረው ጥራጊ የትም አይበተንም፤ ልክ አለው። ዋናው ጥራጊ የላኪው ስፋት ሦስት እጥፍ ቦታ ይይዛል፤ ቀጣዩ፣ ደከም ያለው፣ አምስት እጥፍ። ስልኩ መቶውንም ቁራሽ ቢይዝ ሦስት እጥፉ ከቻናሉ ወጥቶ ጎረቤት ላይ ያርፋል። ከመካከል ሦስት ቁራሽ ብቻ ቢይዝ ግን ዋናው ጥራጊ ዘጠኝ፣ ቀጣዩ አሥራ አምስት ቁራሽ ይሸፍናል፤ ሁለቱም እዚያው የራሱ ቻናል ግቢ ውስጥ ይቀራሉ። አጥር አያልፉም። ስለዚህ ማጉያው ማጎንበስ አያስፈልገውም። ደረጃው ይህን በሠንጠረዥ ጽፎታል፦ በ20 ሜጋኸርዝ ቻናል በቀላሉ ሞዱሌሽን (መረጃ በሞገድ ላይ የሚጫንበት ዘዴ) ከ18 ቁራሽ በላይ የያዘ ስልክ ጉልበቱን እስከ 1 ዲሲቤል፣ ከፍ ባለው ሞዱሌሽን ከሆነ ደግሞ እስከ 2 ዲሲቤል ዝቅ ማድረግ ይፈቀድለታል። 1 ዲሲቤል ሲወርድ 200ው ሚሊዋት ወደ 159፣ 2 ሲወርድ ወደ 126 ይሆናል። 18 ቁራሽና ከዚያ በታች ይዞ በቀላሉ ሞዱሌሽን የሚናገር ስልክ ግን ሙሉ 200ውን እንዲያወጣ ይጠበቅበታል። እንግዲህ ማጥበብ ያለውን ጉልበት ከማከማቸትም አልፎ፣ ከማጉያው በእውነት ተጨማሪ ጉልበት ያወጣል። ጭማሪው ትንሽ ይመስላል፤ ዳር ላይ ለቆመ ሰው ግን የሚወጣና የማይወጣ መልእክት ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ የሚወስነው ማን ነው? ስልኩ አይደለም። ስልኩ ስንት ቁራሽ እንደሚሰጠው የሚወስነው ታወሩ ሥር ያለው ኮምፒውተር ነው፤ በየሺሕኛ ሰከንዱ አዲስ ውሳኔ ይሰጣል። ነገር ግን ሩቅ ያለው ስልክ ምን ያህል እንደደከመ ታወሩ ከራሱ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ስልኩ ስለ ራሱ እንዲመሰክር ተደረገ። በየጊዜው አንዲት አጭር ሪፖርት ይልካል፤ ቁም ነገሯ 6 ቢት ብቻ ነው። በእነዚያ 6 ቢቶች ውስጥ 64 ዓይነት መልስ አለ፤ ከ40 ዲሲቤል ትርፍ ጉልበት ጀምሮ እስከ 23 ዲሲቤል ጉድለት። ትርፍ ካለው «ጨምርልኝ፣ እችላለሁ» ማለቱ ነው። ጉድለት ከሆነ «የሰጠኸኝን ስፋት በሙሉ እንዳስተላልፍ ከፈለግህ ከጣሪያዬ በላይ መጮኽ ነበረብኝ» ማለት ነው። ስልኩ የሚያወጣውን ጉልበት በሚያሰላው ቀመር ውስጥ የቁራሾቹ ብዛት አለበት፤ ቁራሹ በእጥፍ ሲጨምር የሚፈለገው ጉልበት በ3 ዲሲቤል ይጨምራል። ታወሩ ይህን ሪፖርት አይቶ፣ ሃምሳውን ወደ ሃያ አምስት፣ ሃያ አምስቱን ወደ አሥራ ሁለት እያለ፣ ጉድለቱ እስኪሞላ ያጠብለታል። ተጠቃሚው የሚያየው ነገር የለም። ፎቶው በዝግታ ይወጣል፤ ግን ይወጣል።

እኔ ከሁሉ ይልቅ የምወዳት ይህችን ባለ 6 ቢት ሪፖርት ነው። ሥርዓቱን የሠሩት ሰዎች ስልኩ ድካሙን እንዲደብቅ አላደረጉትም፤ ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር እንዲናገርም ቦታ ሰጡት። ዜሮ ላይ ቢያቆሙት ኖሮ ታወሩ «ሞላ» የሚለውን ብቻ ሰምቶ ምን ያህል ማጥበብ እንዳለበት በግምት ይሠራ ነበር።

ጋምቤላም ሆነ ሌላ ገጠር ቀመስ አካባቢ የሚኖር ሰው ከዚህ ሁሉ በፊት የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፦ ስማርት ስልክ ጸጥ ባለበት ቦታ ባለቁልፏ ስልክ ትሠራለች። ሰው ይህን ለዕቃው ጥንካሬ ይሰጠዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን የጠበበው ቻናል ነው። በ900 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የ2ጂ ስልክ ሲናገር 2 ዋት ያወጣል፤ ያንንም የሚያፈስሰው 200 ኪሎኸርዝ ውስጥ ብቻ ነው። ደግሞም ከስምንት የጊዜ ተራ በአንዱ ብቻ ስለሚናገር አማካዩ ሩብ ዋት ገደማ ነው፤ ከ4ጂው ብዙ አይርቅም። ስማርት ስልኩም ቢሆን ወደ 2ጂ ሲመለስ ያው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 አዲስ አበባ ላይ የሞባይል አገልግሎት ሲጀመር የተያዘው ጠባብ መንገድ፣ ዛሬ ከሱ በኋላ የመጡት ሰፋፊ መንገዶች በማይደርሱበት ሜዳ ላይ አሁንም ያገለግላል።

ከስልክ ወጥተን ወደ ጣሪያ እንውጣ። በየከተማው እንደሚታየው፣ ቢሮን ከቢሮ የሚያገናኙ ትናንሽ ነጭ ዲሾች አሉ፤ ብዙዎቹ በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ ናቸው። እነዚህን የሚተክል ቴክኒሻን የቻናል ስፋቱን በእጁ ይመርጣል፦ 40፣ 20፣ 10፣ አንዳንዱ መሣሪያ 5 ሜጋኸርዝም ይፈቅዳል። ጀማሪ ሰፊውን ይመርጣል፤ ሰፊ ማለት ፈጣን ነው ብሎ። ሊንኩም ለሙከራ ሲከፈት ፈጣን ይሆናል። ክረምት ሲገባ፣ መካከል ላይ ያለው ማንጎ ወይም ኒም ቅጠሉ ሲያብጥና ሲረጥብ፣ መቆራረጥ ይጀምራል። ዝናቡ ራሱ በ5 ጊጋኸርዝ ላይ እምብዛም አያደርስበትም፤ የረጠበው ቅጠል ነው። ያወቀ ቴክኒሻን ያኔ ጉልበት ልጨምር አይልም። ስፋቱን ከ40 ወደ 20 ያወርዳል፤ 3 ዲሲቤል አገኘ። ወደ 10 ካወረደ ሌላ 3። ያ 6 ዲሲቤል፣ መካከሉ ክፍት ቢሆን ኖሮ፣ ርቀቱን በእጥፍ የሚያስረዝም ነው፤ ዛፍ ባለበት ደግሞ የቅጠሉን ዕዳ ይከፍላል። ከዚያም በላይ፣ መሣሪያው በከፍተኛው ሞዱሌሽን ሲሠራ ማጉያው ማጎንበስ ስላለበት፣ በዝቅተኛው ከሚያወጣው 5 ዲሲቤል ያህል አንሶ የሚልክ ዕቃ ብዙ ነው። መረጃ ወረቀቱን አገላብጦ ያየ ቴክኒሻን ይህን ሠንጠረዥ ያገኘዋል፤ ብዙዎች ግን ፊተኛው ገጽ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አይተው ይበቃቸዋል።

ይህ ሥራ ወግም አለው። ስፋቱ በሁለቱም ጫፍ እኩል መሆን አለበት፤ አንዱን ብቻ ብትቀይረው ሊንኩ ይጠፋል። ስለዚህ አስቀድሞ የሩቁን ነው የሚቀይሩት። ሩቁ ሲቀየር ይጠፋል፤ ከዚያ አጠገብ ያለውን ሲያስተካክሉት ተመልሶ ይመጣል። የቅርቡን አስቀድሞ የቀየረ ሰው ሩቁን የሚያስተካክልበት መንገድ ራሱ ተቆረጠበት፤ መኪና ማስነሣት ነው። ክረምት ላይ ጭቃው ውስጥ ለአንዲት ቅንብር ሲባል መውጣት ምን እንደሆነ እዚያ አገር የሠራ ያውቀዋል።

ጋምቤላ ውስጥ ከዚህ ሁሉ የቀደመ የማጥበብ ሥራም በየመንገዱ ሲያልፍ ይታያል። ከከተማው ወደ ጀዊ፣ ወደ ኩሌ፣ ወደ ቴርኪዲ የስደተኛ መጠለያዎች የሚመላለሱት የእርዳታ ድርጅት ነጫጭ መኪኖች ፊታቸው ላይ የሚወዛወዝ ረጅም ዘንግ የሚይዙበት ምክንያት አለ፤ የአጭር ሞገድ ሬዲዮ አንቴና ነው። ታወር አያስፈልገውም፤ ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ አዮኖስፌር ከሚባለው የከባቢ አየር ንብርብር ላይ ነጥሮ ተመልሶ ይመጣል። ከ100 ዋት እምብዛም በማይበልጥ ጉልበት መቶዎች ኪሎ ሜትር የሚያናግር ዕቃ ነው። ምሥጢሩ ያው ነው። በተለመደው ኤኤም ሬዲዮ፣ ድምፁ ሞልቶ ሲነገር እንኳ፣ ከጉልበቱ ሁለት ሦስተኛው ምንም ወሬ በማይዘው ተሸካሚ ሞገድ ላይ ይጠፋል፤ ቀሪው ደግሞ ተመሳሳይ ነገር በሚናገሩ ሁለት ክንፎች ይካፈላል። እ.ኤ.አ. በ1915 አሜሪካዊው ጆን ካርሰን ተሸካሚውንም፣ አንደኛውንም ክንፍ ጥሎ በቀረው አንድ ክንፍ ብቻ መላክ እንደሚቻል የሚገልጽ የፓተንት ማመልከቻ አስገባ። የመኪናው ሬዲዮ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ 3 ኪሎኸርዝ በማይሞላ ስፋት፣ ጉልበቱ በሙሉ የሰው ድምፅ ላይ። አሠራሩ ያለ እንከን አይደለም፤ ሰሚው በጥቂት ኸርዝ ከሳተ ድምፁ እንደ ዳክዬ ይሆናል። የለመደ ኦፕሬተር ቁልፏን በሁለት ጣቱ ነካ አድርጎ ሰው ያደርገዋል።

እስካሁን ማጥበብን አወደስኩ። አሁን ማጥበብ ሞኝነት ነው የሚል ሰው ላምጣ፤ ሰውየው የኢንፎርሜሽን ቲዎሪ መሥራቹ ክሎድ ሻነን ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ሥራ መሠረት በአንድ ጉልበት የሚተላለፈው የመረጃ መጠን ስፋቱ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። በቲዎሪ ካየነው ያ ስልክ ከነመቶው ቁራሹ ቢተው ይሻላል። ታዲያ መሐንዲሶቹ ተሳሳቱ?

አልተሳሳቱም፤ ሒሳቡን በሁለት ቦታ ሠርተን እንየው። ከተማ መሃል፣ ድምፁ ከኖይዙ መቶ እጥፍ በሚበልጥበት ቦታ፣ ስፋቱን በግማሽ ብትቀንስ ከሚያልፈው መረጃ ከ40 በመቶ በላይ ታጣለህ። ሜዳው ዳር፣ ድምፁ የኖይዙ አንድ አሥረኛ በሆነበት ቦታ፣ ስፋቱን በግማሽ ብትቀንስ የምታጣው 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሻነን እውነቱን ነው፤ ኪሳራ አለ። ግን ዳር ላይ ኪሳራው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በምትኩ የሚገኘውን ደግሞ የሻነን ቀመር አይቆጥረውም። እውነተኛ ሰሚ መሣሪያ መረጃውን ከመፍታቱ በፊት ሞገዱ መንገድ ላይ ምን እንደደረሰበት ማወቅ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ስልኩ ከመረጃው ጋር የታወቁ ምልክቶችን ይልካል። ጉልበቱ በመቶ ቁራሽ ላይ ሲሳሳ እነዚያ ምልክቶች ኖይዙ ውስጥ ይሰጥማሉ፤ መሣሪያው መስማት ያለበትን ነገር የት እንደሚፈልገው እንኳ ያጣል። በጠባቡ ላይ ሲከማች ምልክቶቹ ብቅ ይላሉ። አራቱ በመቶ የሚከፈለው ለዚህ ነው። ጥሩ ልብስ ሰፊ ጨርቁን የት እንደሚቆርጥ ያውቃል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው፤ ከተማ መሃል ላለው አይነካበትም፣ ዳር ላለው ይቆርጥለታል፤ ያውም በየሺሕኛ ሰከንዱ።

የማይሠራበትም ቦታ አለ። በአንዳንድ የሞገድ ክልሎች ሕጉ ጠቅላላውን ጉልበት ሳይሆን በየሜጋኸርዙ ያለውን ጉልበት ነው የሚገድበው። አሜሪካ ውስጥ ለቤት ውስጥ ዋይፋይ በተከፈተው የ6 ጊጋኸርዝ ክልል የተቀመጠው ገደብ እንዲህ ነው፤ እዚያ ላይ ያጠበበ ሰው ጠቅላላ ጉልበቱም አብሮ ይጠብበታል፤ ምንም አያተርፍም። ሁለተኛው ችግር የሞገዱ ጸባይ ነው። ከወንዝ ላይና ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚንጸባረቁ ሞገዶች ሲደራረቡ አንዳንዷን ጠባብ ቁራሽ ጨርሰው ያጠፏታል፤ ጉልበቱን ሁሉ እዚያች ላይ ያደረገ ሰው ከነጉልበቱ ይጠፋል። ስለዚህ ጠባቡ ቁራሽ አንድ ቦታ ተተክሎ እንዳይቀር፣ በቻናሉ ውስጥ እየዘለለ እንዲልክ ይደረጋል።

ማጥበቡ እስከ ምን ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ያየሁት ኤንቢ አይኦቲ በሚባለው፣ ለመለኪያ መሣሪያዎች በተሠራው የሞባይል ዘርፍ ላይ ነው። መላው ቻናሉ 180 ኪሎኸርዝ ነው፤ ያቺው አንዲት ቁራሽ። ግን መሣሪያው ሲደክመው በዚያች ውስጥ እንደገና ይከፈልና 3.75 ኪሎኸርዝ ብቻ ይሰጠዋል፤ የቁራሿ አርባ ስምንተኛ። ያንኑ መልእክት ደግሞ እስከ 128 ጊዜ እንዲደጋግም ይፈቀድለታል። በዚህ ዘዴ ከድሮው የ2ጂ ኢንተርኔት በ20 ዲሲቤል የሚብስ መንገድ ላይ መድረስ እንዲችል ሆኖ ነው የተነደፈው። ፎቶ አይልክም፤ ድምፅም አያስተላልፍም። ባሮ በየክረምቱ እየሞላ ኢታንግንና ከሱ በታች ያሉትን መንደሮች ያጥለቀልቃል፤ ከወንዙ ዳር ለሚተከል የውኃ ከፍታ መለኪያ የሚያስፈልገው ግን አንድ ቁጥር ነው፤ ጥቂት ባይት። ያች ቁጥር በ3.75 ኪሎኸርዝ ላይ ተደጋግማ ታወሩ ድረስ ለመድረስ ብዙ ሰከንድ ሊፈጅባት ይችላል። ወንዙ ደግሞ የሚሞላው በሰዓታትና በቀናት ነው።